ያልተነበበው መመለሻ

ኤኒድ ላርተር የሞተችው እኛ አምስት ሰዎች ዓይናችንን ጨፍነን ፊት ለፊቷ ተቀምጠን ሳለ ነው። ከሞተችም በኋላ አርባ ደቂቃ ያህል ሳንነቃነቅ ከሬሳዋ ጋር ቆየን። ይህን ስናገር ሰው መጀመሪያ ይደነግጣል፤ ቀጥሎ ሳቁን ለመያዝ ይታገላል። እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ እንደዚያው ስለማደርግ አልቀየምም።

ኦብሪ ኬት እባላለሁ። ክሮመር በምትባል የእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ ውስጥ፣ ከባሕሩ ሁለት መንገድ ገባ ብሎ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት መነጽር ስሠራ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ትዳር አልያዝኩም። እህቴ «ሳይቸግርህ ብቻህን ቀረህ» ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ ቸግሮኝ ነው እላታለሁ። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግን የምሄድበት ቤት ነበረኝ፤ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ። ኤኒድ የሹራብ ክር ትሸጥ ነበር፤ ቤቱ ከሱቋ በላይ ያለችው ክፍል ናት። ግድግዳው ላይ የሕይወት ዛፍ የሚባለው ሥዕል ተሰቅሏል፤ አሥር ክበቦች፣ በመካከላቸው ሃያ ሁለት መንገዶች። የጥንት የአይሁድ ሊቃውንት ካባላ ብለው ያስተማሩትን ትምህርት የእኛ አገር ሰዎች ወስደው በልካቸው ሰፍተው ለበሱት፤ እኛም የለበስነው ያንኑ የተሰፋውን ነው። እያንዳንዱ ክበብ ሰው በልቡ የሚገባበት መቅደስ አለው። እህቴ ይህን ስትሰማ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብላ ወደ ማእድ ቤቷ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ቅዳሜዬ ጠይቃኝ አታውቅም።

ሥራው ቀላል ነው፤ ከውጭ ለሚያየው ከማንቀላፋት አይለይም። ጀርባው ቀጥ ባለ ወንበር ላይ እግር ሳያጣምሩ መቀመጥ፣ እጅን ጉልበት ላይ ማሳረፍ፣ ዓይንን መጨፈን። ኤኒድ ከእግር ጣት ትጀምራለች። ጣታችሁን ልቀቁ፣ ቁርጭምጭሚታችሁን ልቀቁ እያለች እስከ ግንባር ትወጣለች። አራት እስኪቆጠር አየር መሳብ፣ አራት እስኪቆጠር መያዝ፣ አራት እስኪቆጠር ማውጣት። ሰውነታችን ሲላላ፣ በእጇ ከጻፈቻቸው ወረቀቶች ላይ መንገዱን ማንበብ ትጀምራለች። መጀመሪያ ወለሉ ጥቁርና ነጭ የሆነው የመንግሥት መቅደስ አለ፤ ሁለት ዓምዶች፣ ከኋላቸው ከባድ የእንጨት በር። ከበሩ ወዲያ ሐምራዊ ጭጋግ የሞላበት መንገድ። በመንገዱ ጫፍ ገብርኤል የሚጠብቀው የመሠረት መቅደስ ነው፤ ዘጠኝ ማዕዘን አለው፣ መካከሉ ላይ ጸጥ ያለ ውኃ፣ በውኃው ዳር የድንጋይ መቀመጫ።

ስንመለስ ሁሉንም ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ታነበዋለች፤ ያንኑ መንገድ፣ ያንኑ በር፣ ያንኑ ወለል። ሲያበቃ እያንዳንዳችን ስማችንን ጮክ ብለን እንናገርና በግራ እግራችን ወለሉን እንመታለን፤ ዓይን የሚከፈተው ያኔ ነው። መመለሻው ሳይነበብለት የወጣ ሰው ግማሹ እዚያው ይቀራል ትለን ነበር። ይህን ስትል ፈገግ አትልም።

አንድ ሰው ደግሞ ከእኛ ጋር አይሄድም፤ እሱ በረኛው ነው። የእኛ በረኛ ዶሪን ቡለን ነበረች፤ ባሏ የሞተባት፣ ከባሕሩ ዳር ሸርጣን ቀቅላ የምትሸጥ ሴት። ኮሪደሩ ላይ ዓይኗን ገልጣ ትቀመጣለች፤ ውሻ፣ ፖስተኛ፣ ክር ፈላጊ፣ ማንም ይምጣ ማን ትመልሳለች። እሷም ብትሆን የእግራችንን መምታት ሳትሰማ በሩን መክፈት አይፈቀድላትም። ስንወጣ አንድ በአንድ እያየችን «ከሰማይ ቤት ሻይ አይሰጡም መሰለኝ፤ ፊታችሁ ሁሉ ደርቋል» ትላለች። እኛም እንስቃለን። አሥራ አራት ዓመት አንዳችንም አንቺስ ምን ትያለሽ ብለን አልጠየቅናትም።

ኤኒድን እወዳት ነበር። መነጽሯን የምሠራላት እኔ ነኝ፤ የግራ ዓይኗ ከቀኙ ደከም እንደሚል፣ ስትደክም ደግሞ ይበልጥ ወደ ውስጥ እንደሚሸሽ አውቃለሁ። ሌላ ሰው ይህን አያውቅላትም። ፊት ለፊት ግን «ሚስ ላርተር» እንጂ ኤኒድ ብያት አላውቅም፤ ልላት ስል ኮቴን አነሣና እወጣለሁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ኖርኩ፤ ሆድም አቃጠለው እንጂ አልፈጀውም።

በኅዳር ወር፣ ከቅዳሜዎቹ በአንዱ ነው። ዝናብ መስኮቱን ይመታል። አምስት ነበርን፤ እኔ፣ መኪና መንዳት የሚያስተምረው ኮሊን ሜስ፣ ሁለት እህትማማቾችና አንድ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ። ኤኒድ እስከ መሠረት መቅደስ አደረሰችን፤ የድንጋዩ መቀመጫ ላይ አስቀመጠችን። «እዚህ ጠብቁ። ሊመጣ ያለው ይመጣል» አለችና ዝም አለች። ይህ ዝምታ የተለመደ ነው፤ አምስት ደቂቃ፣ ቢበዛ ሰባት።

እዚያ መቀመጫ ላይ ለአሥራ አራት ዓመት ስጠብቅ ማንም መጥቶ አያውቅም። ኮሊን በየሳምንቱ የግብፅ ንጉሥ ያገኛል፤ ንጉሡም ሁልጊዜ የሚያወራው ስለ ኮሊን ትልቅነት ነው። የእኔ ድርሻ ውኃውና ብርሃኑ ብቻ ነበር፤ እሱም በቂዬ ነው እል ነበር። በዚያ ቀን ግን አንድ ሰው መጥቶ በግራዬ ተቀመጠ። ዞሬ አላየሁም። የትከሻውን ሙቀት ግን ትከሻዬ ላይ ተሰማኝ። እሷ ናት። እንዴት አወቅህ አትበሉኝ፤ አወቅሁ።

ይህኔ ከክፍሉ ውስጥ፣ ከዚህኛው ዓለም ማለቴ ነው፣ ረጅም ትንፋሽ ሲወጣ ሰማሁ። ቀጥሎ ወረቀቶች ወለሉ ላይ ተንሸራትተው ሲወድቁ ሰማሁ። በደንብ ሰማሁ። ኤኒድ ወረቀቷን ጥላ የማታውቅ ሴት እንደሆነችም አውቃለሁ። ዓይኔን መግለጥ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። እኔ ግን በልቤ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ አልኩ፤ አንድ ደቂቃ ልቀመጥ። ትከሻው ሞቃት ነበር።

አንዱ ደቂቃ አርባ ሆነ። ሌሎቹ ዛሬ የተለየ ትምህርት ነው፣ ትዕግሥታችንን እየፈተነችን ነው ብለው እንደጠበቁ በኋላ ተናግረዋል። ደንብ ደንብ ነው፤ መሪዋ ሳትጠራ ዓይን አይገለጥም። በመጨረሻ በሩን የከፈተችው ዶሪን ናት፤ ኮሪደሩ ጨልሞ የእግር ድምፅ ስታጣ። የእሷን ጩኸት ሰምተን ነው ዓይናችንን የገለጥነው። ኤኒድ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች አገጯ ደረቷ ላይ ወድቋል፤ መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ነው። ሐኪሙ መጥቶ ልቧ ነው አለ። ወንበሮቹን አንድ በአንድ ተመለከተና፣ ወዲያው ተጠርቼ ቢሆን ምናልባት ብሎ ቀሪውን ዋጠው። እኔም የእኔን ዋጥኩ። አምቡላንሱ ሄደ፣ ሰው ተበተነ፤ መመለሻው አልተነበበም።

ከዚያ ወዲህ እኔ እኔ አልነበርኩም። እግሬ መንገዱን ይረግጣል፣ የሚረግጠው ግን የሌላ ሰው እግር ይመስለኛል። ባለሱቁ ሲያናግረኝ ድምፁ ከግድግዳ ማዶ ይመጣል። እህቴ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ፤ እንክብል ሰጡኝ፤ እንክብሉን የዋጠውም ያ ሌላ ሰው ነው። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እቤቴ ወንበር ላይ ተቀምጬ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ መንገዱን መሄድ እንኳ አያስፈልገኝም፤ ወዲያው መቀመጫው ላይ ነኝ። ውኃው አለ፣ ብርሃኑ አለ። ግራዬ ባዶ ነው። እንዲህ እያልኩ ገናን አለፍኩ፤ ጥርንም የካቲትንም አለፍኩ።

በራሴ ልመለስ አልሞከርኩም አይባልም። አንድ ሁለት ቀን ተነሥቼ እስከ ጭጋጉ ሄጄ ነበር፤ ጭጋጉ ውስጥ ወረቀቶቹ ሲወድቁ እሰማለሁ፤ ሮጬ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። መንገዱ የጠፋኝ አስመሰልኩ እንጂ ያሰረኝ ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

የሚያነብልኝ ሰው ያስፈልገኝ ነበር። ወረቀቶቹን ፍለጋ ሄድኩ፤ ከሌስተር ከተማ የመጣች የኤኒድ የወንድሟ ልጅ በሁለት ቀን ውስጥ ክፍሉን ጠርጋ ሁሉንም በጥቁር ከረጢት ለቆሻሻ መኪና ሰጥታለች፤ በደብዳቤ ስጠይቃትም ይህንኑ መለሰችልኝ። ልጅቱን አልወቅሳትም፤ እኔም ባላውቀው ኖሮ ያንን ሁሉ ወረቀት የጤና ነው ብዬ አላስቀምጠውም ነበር። እህትማማቾቹ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመልሰዋል፤ በሩን ሳይከፍቱ በመስኮት አነጋገሩኝ። ፖስተኛው ልጁ ዘንድ ገብቷል አሉኝ። ኮሊን ቀረኝ።

ኮሊን ኖሪች ከተማ በአንድ የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ሰውነት ማላላት እያስተማረ ነው አሉኝ። በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ሄድኩ። ሃያ ያህል ሴቶች ምንጣፍ ላይ ተዘርግተዋል፤ ኮሊን በመካከላቸው በካልሲ ይመላለሳል፣ ከቴፕ የወፍ ድምፅ ይሰማል። ከኤኒድ የወሰደው እግር ጣት ላይ የሚጀምረውን ብቻ ነው፤ በር የለም፣ መንገድ የለም፣ ስለዚህ መመለሻም የለም። ሲጨርስ መመለሻውን እንዲያነብልኝ ለመንኩት። አላስታውሰውም አለኝ፤ መመለሻው ሲነበብ እሱ ዘወትር ስለ እራቱ ያስብ ነበር። እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ይህ ሐዘን ነው፣ ሐዘን ደግሞ ያልፋል አለኝና አንድ ካሴት ሰጠኝ። የባሕር ሞገድ ድምፅ ነው። እኔ ከባሕር ሁለት መቶ እርምጃ ላይ ነው የምኖረው። አመስግኜ ተቀበልኩት።

ዶሪንን ያላሰብኳት ከእኛ ጋር መንገዱን ስለማትሄድ ነው። በእኛ ዘንድ በረኛ በረኛ ነው፤ ሰው በሩን ለማለፍ እንጂ በሩን ለመጠየቅ አይቆምም። ደግሞም ከእኛ ጋር ተኳርፋለች። በቀብሩ ዕለት ከጉድጓዱ ማዶ ብቻዋን ቆማ፣ ሰላም ስንላት ጀርባዋን ሰጥታን ሄዳለች።

መጋቢት ሲገባ የሸርጣን ወቅት ጀመረ፤ የዶሪን ሱቅም ተከፈተ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም። ምናልባት ያቺን ክፍል የሚያውቅ ፊት ማየት ፈልጌ ይሆናል። ከጠረጴዛዋ ኋላ ቆማ በትንሽ ቢላ የሸርጣኑን ሥጋ ከቅርፊቱ ታወጣለች። አንድ ስጪኝ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፤ እንደገና ወደ ቢላዋ ተመለሰች።

«ኮትህ ባለቤቱን ፈልጎ የሚዞር ይመስላል» አለችኝ። «የምታበስልልህ የለችም እንዴ?»

«ማንም የለችም።»

«እኔም ብቻዬን ነኝ፤ ግን እበላለሁ። ትልቁን ነው ትንሹን?»

«ዶሪን፣ አልተመለስኩም።»

ቢላዋ ቆመ። አልሳቀችም፣ ምን ማለትህ ነው አላለችም። ከእህቴ ጀምሮ እስከ ሐኪሙ ድረስ ለማንም ይህን ብናገር ማስረዳት ነበረብኝ፤ ለዚህች ሴት ግን ሁለት ቃል በቃኝ። እጇን ሽርጧ ላይ ጠረገች። ስለ ሌሎቹ ጠየቀችኝ፤ ሌሎቹ መጀመሪያውንም የሄዱ አይመስለኝም አልኳት። ይህን ስል ከንፈሯ ትንሽ እንቅስቃሴ አሳየ፤ ከሳቅ የሚጠጋው እሱ ብቻ ነበር።

«መመለሻውን እኔ አውቀዋለሁ» አለች።

በሩ ቀጭን ነበር። አሥራ አራት ዓመት፣ በየቅዳሜው፣ የኤኒድን ድምፅ ከእንጨቱ ማዶ ሰምታለች፤ ቃል በቃል፣ እስትንፋስ በእስትንፋስ ይዛዋለች። ስታወጣውም አልተቸገረችም፤ ሸርጣን እየፈለፈለች ለራሷ ትለው እንደነበር ነገረችኝ። መግቢያውንም መመለሻውንም ታውቃለች። አንድም ቀን ግን ዓይኗን ጨፍና አልሄደችበትም፤ በረኛ አይሄድምና። እኔ ሌስተር ደብዳቤ ስጽፍ፣ ኖሪች ስሄድ፣ መጽሐፉ ከቤቴ ሁለት መንገድ አልፎ ሸርጣን ይሸጥ ነበር። አፈርኩ፤ ማፈሬንም ነገርኳት። እሷ ዘግይተህ ነው ያፈርከው አለችና፣ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት እመጣለሁ ብላ ሸርጣኑን ጠቀለለችልኝ።

ቅዳሜ ስትመጣ የቤተ ክርስቲያን ኮቷን ለብሳለች። ቤቴ ሴት ከገባ ስንት ጊዜው ነው፤ የት ላስቀምጣት ብዬ ወንበር እያነሣሁ ስጥል «ተቀመጥ አንተ ሰውዬ፣ ሙሽራ አላመጡልህም» አለችኝ። ተቀመጥኩ። እሷም ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ወዲያው አልጀመረችም። ጓንቷን አወለቀች፣ ጭኗ ላይ አጣጠፈችው፣ እንደገና ዘረጋችው።

«እዚያ ውስጥ ምን ይመስላል?» አለች።

እንደ ልጅ ነው የጠየቀችው፤ ድምፅዋ ውስጥ ፌዝ አልነበረም። ነገርኳት። ወለሉን፣ ዓምዶቹን፣ ጭጋጉ ፊት ላይ ሲያርፍ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ፣ ውኃው ነፋስ ሳይኖር እንዴት እንደሚያበራ። ቃሉን ሁሉ ታውቀዋለች፤ የማታውቀው ቃሉ የሚያሳየውን ነው። እስክጨርስ ዓይኗን ከእኔ አላነሣችም።

«እኔ የማየው የኮሪደሩን የጋዝ ቆጣሪ ነበር» አለች። «በል ይሁን። ዓይንህን ጨፍን።»

ከእግር ጣት ጀመረች። ድምፅዋ የኤኒድ አይደለም፤ ሸካራ ነው፣ የገበያ ድምፅ ነው። አተነፋፈሱ ግን የኤኒድ ነበር፤ ኤኒድ የምታርፍበት ቦታ ላይ ታርፋለች፣ ኤኒድ የምትሳሳለት ቃል ላይ ትሳሳለች። አራት ሳብኩ፣ አራት ያዝኩ፣ አራት አወጣሁ። መቀመጫው ላይ ነኝ።

«የቆይታችን ጊዜ አልቋል» አለች ዶሪን። «በመጣንበት እንመለስ። ተነሡ።»

አልተነሣሁም። ደግማ ተነሡ አለች። ውኃው ያበራል። በግራዬ ማንም የለም፤ ያለ ይመስል ግን ወደዚያ እንዳዘነበልኩ ነኝ። ሦስተኛ ጊዜ፣ አሁን ከመመለሻው ቃል ወጥታ፣ «ኦብሪ፣ ምንድን ነው የያዘህ?» አለችኝ።

ዓይኔን እንደጨፈንኩ ነገርኳት። ሰምቻለሁ አልኳት። የኤኒድን ትንፋሽ ሰምቻለሁ፣ ወረቀቶቹ ሲወድቁ ሰምቻለሁ፤ ተኝቼም አልነበረም፣ ደንቡም አልነበረም የያዘኝ። አጠገቤ የተቀመጠች መሰለኝ፤ በሕይወቴ ሰው እንደዚያ ተጠግቶኝ ተቀምጦ አያውቅም፤ ያንን አንድ ደቂቃ ከእሷ ነፍስ አብልጬ ወደድኩት። ሐኪሙ ምናልባት ሲል የሚናገረው ለእኔ ነበር። ይህን ሁሉ አልኳት። ሳወራ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ እሱም ይገርመኛል።

የዶሪን ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። እርምጃዋን ሰማሁ፤ ወደ በሩ ነው። እጀታው ሲዞር ሰማሁ። ሄደች አልኩ በልቤ፤ አልፈረድኩባትም፤ እዚሁ ነው እንግዲህ የምቀረው አልኩ። ብዙ ጊዜ አለፈ።

ድምፅዋ ከበሩ መጣ።

«እኔ አልሰማሁም» አለች። «ብሰማ ኖሮ ደንቡንም እናንተንም ረግጬ እገባ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ይቅር ብዬሃለሁ እንድልህ አትጠብቅ። ከልቤ አይወጣም። ቢወጣም ይቅርታው የእኔ አይደለም፤ የእሷ ነው፤ እሷ ደግሞ የለችም። ሰውን ግን እዚያ ውስጥ ትቼ በር አልዘጋም። ተነሥ አንተ።»

ተነሣሁ። በሩ ላይ እንደቆመች ቀጠለች። ከውኃው ዳር አነሣችኝ። ወደ ጭጋጉ አስገባችኝ፤ ወረቀቶቹ ሲወድቁ ሰማሁ፤ ዶሪን አላቆመችም፣ እኔም አልዞርኩም። የእንጨቱን በር ከኋላዬ ዘጋሁ። ጥቁሩን ረገጥኩ፣ ነጩን ረገጥኩ፤ በዓምዶቹ መካከል አለፍኩ። ስምህን ተናገር አለችኝ፤ ተናገርኩ። ምታው አለች፤ በግራ እግሬ መታሁት፤ ወለሉ ጠንካራ ነበር፣ ተረከዜን አመመኝ።

ዓይኔን ስገልጥ ጓንቷን እያጠለቀች ነው። ፊቷ ቀልቷል። ሻይ ላፍላ አልኳት፤ አይ አለች። ሌላ ቅዳሜ ብዬ ልጀምር ስል ከአፌ ቀደመችኝ፤ የሚጠብቀኝ ሥራ አለኝ አለች። ደረጃውን ስትወርድ እስከ ታች ሰማኋት። መስኮቱ ላይ ቆሜ ወደ ባሕሩ መታጠፊያ እስክትደርስ አየኋት፤ ዞራ አላየችም።

ተመልሼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ክፍሉ ቀዝቅዟል፤ ምድጃው ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ኖሯል። ሁለት ወንበሮች ፊት ለፊት ቆመዋል። ግድግዳው ቅርብ ነው፣ የመኪናው ድምፅ ቅርብ ነው፣ ሁሉም ነገር በልኩ ነው። ያን ጊዜ ገባኝ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ኤኒድ ለእኔ ዝም ብላ ነበር እንጂ አልሞተችም። ወረቀቷን አንሥታ ልትናገር ትንሽ የቀራት ሴት ነበረች፤ እኔም መቀመጫው ላይ የጠበቅሁት ያንን ነው። አሁን ግን ያ ዝምታ አልቆ ነው የመጣሁት። ኤኒድ ሞታለች፤ ከአራት ወር በፊት፣ በቅዳሜ፣ እኔ እየሰማሁ።

አለቀስኩ። ስልሳ አራት ዓመቴ ነው፤ እንደዚያ የሚለቀስ ልቅሶ እንዳለ አላውቅም ነበር። ጎረቤቴ ግድግዳውን መታች። አላቆምኩም፤ እንደገና መታች።